ኮንጁንቲቮ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ፣ እስቲ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጣሊያን ነው። ለዜግነት ማመልከቻ ለሚጠየቀው የጣሊያንኛ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ፈተና እያጠናሁ ነው። ፕሬዜንቴውም (የአሁን ጊዜው) ፓሳቶ ፕሮሲሞውም (የቅርብ ኃላፊ ጊዜው) ብዙ አያስቸግሩኝም። ኮንጁንቲቮ ላይ (ለግምትና ለጥርጣሬ የሚውለው የግስ ቅርጽ ላይ) ስደርስ ግን ሁሉም ነገር ይዞርብኛል።

«ሶ ኬ ማርኮ ኤ ስታንኮ» ማለት ማርኮ እንደደከመው አውቃለሁ ነው። የደከመው ይመስለኛል ለማለት ደግሞ «ፔንሶ ኬ ማርኮ ሲያ ስታንኮ»። እሺ፣ እርግጠኛ ካልሆንኩ «ሲያ» ብዬ ያዝኩት። ታዲያ «ሴኮንዶ ሜ ማርኮ ኤ ስታንኮ» ለምን በ«ኤ» ሆነ? እሱም እኮ የራሴ ግምት ነው!

የ«ሴ» (የእኛ «ቢ-» ወይም «ከ-» ማለት ነው) ጉዳይማ ባሰ። ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ እመጣ ነበር ለማለት መጽሐፉ «ሴ አቬሲ አቩቶ ቴምፖ፣ ሳሬይ ቬኑቶ» በል ይለኛል። ሥራ ቦታ ያሉት ጣሊያኖች ግን «ሴ አቬቮ ቴምፖ፣ ቬኒቮ» ብለው ይገላገላሉ። ቀላሉ የእነሱ ነው፤ ፈተና ላይ ብጽፈው ግን ነጥብ የሚያስቆርጥ ይመስለኛል።

ጣሊያንኛ የለመዳችሁ፣ ስትናገሩ ሳታስቡ እንዴት ነው የምትለዩት? ኮንጁንቲቮ የሚጠሩትን ግሶች በቃል ልሸምድድ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? ፓሳቶ ሬሞቶንስ (የሩቅ ኃላፊ ጊዜውን) ለጊዜው ልተወው? እዚህ ሰሜን በወሬ መሃል ሲጠቀሙበት እምብዛም አልሰማም።