«ጠይብ»፣ «መቻቻል»፣ «እንግዳ»፦ ለሁለት የሌሉ አገሮች ቃል ፍለጋ

ጠያቂው (ደብረ ብርሃን)፦
እንደምን አላችሁ? ልብ ወለድ እየሞከርኩ ነው። ሁለት የሌሉ አገሮች ፈጥሬያለሁ። ሁለቱም እንደ ጣርማበር ጉም የማይለያቸው ደጋ ናቸው። በአንደኛው ብረት ቀጥቃጭ ይናቃል። በሌላው እንደማንኛውም ሰው ነው። ለመጀመሪያው አገር ቃል አልቸገረኝም፤ ጠይብ፣ ቡዳ፣ ፋቂ፣ «አጥንቱ አይታወቅም»፣ ሞልቷል። ለሁለተኛው ግን «የመቻቻል ባህል ያለው ሕዝብ» ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሳነበው የቀበሌ ስብሰባ ሆነብኝ። ምን ልበል?

ጡረተኛው መምህር (አንጎለላ)፦
ልጄ፣ «መቻቻል» የከበደህ ያለ ነገር አይደለም። ሥሩ «ቻለ» ነው። የጥርስ ሕመም ይቻላል። ብርድ ይቻላል። አማት ትቻላለች። የሚቻል ሰው ሸክም ነው እንጂ ወዳጅ አይደለም። ቃሉን ለመጀመሪያው አገር ሹማምንት ስጣቸው፤ ያምርባቸዋል።

«አድልዎ»ንም ተመልከት። በግእዝ «ደለወ» መዘነ ነው፤ ሚዛኑም «መዳልው» ይባላል። አድልዎ እንግዲህ ሚዛኑን ወደ አንዱ ማዘንበል ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሻጩ በትንሽ ጣቱ ሚዛኑን ጫን ሲያደርግ አይተህ ታውቃለህ? እሱን አስብ። «ማግለል» ደግሞ «ገለል በል» ከምንለው ነው። «ገለልተኛ»ም ከዚያው ይወጣል። ሌሎች ያገለሉትና ራሱን ያገለለው የአንድ ሥር ልጆች ናቸው ማለት ነው። (በነገራችን ላይ «ጨዋ»ን በጥንቃቄ ተጠቀምበት። ሰፈር ውስጥ ጨዋ ሥርዓት ያለው ነው፤ የቤተ ክህነት ሰው ግን ጨዋ ሲልህ አልተማርክም ማለቱ ነው።)

አንጀቴን የሚበላኝ «ጠይብ» ነው። ከ«ጠቢብ» የመጣ ነው፤ ብልህ፣ ጥበብ የሚያውቅ። ሙገሳው ነው ስድብ የሆነው። እዚሁ እኛ ዘንድ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዘዋል። የንጉሥ አዋጅ ያስፈለገው ስድብ ቀላል እንዳይመስልህ።

ባለ ሱቁ (ሸዋ ሮቢት)፦
ጋሼ፣ አማት ያሏትን ነገር የኔዋ እንዳታይብዎት።
ለጠያቂው፦ ሁለተኛው አገር ጭራሽ ቃሉ ባይኖረውስ? እኛ ቆላዎች ስለ ውርጭ አናወራም፤ አይወርድብንማ። ሰው ንቆ የማያውቅ አገር «ተቀበልንህ» የሚል ንግግር ከየት ያመጣል? «ና፣ ብላ» ይበለውና ይለፍ።

አንባቢዋ (መንዝ)፦
ባለ ሱቁ እውነቱን ነው። ግን አንድ የረሳችሁት ቃል አለ፤ «እንግዳ»። «እንግዳ ነገር» ስንል ያልለመድነው፣ ትንሽም የምንፈራው ነው። «እንግዳ መጣ» ስንል ግን ቡናው ይቆላል። ያው ቃል ነው። ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይሉታል። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው እግሩ ከታጠበ በኋላ ነው። ሁለተኛው አገርህ እንዲህ ይናገር።

ጠያቂው፦
ግሩም ነው እትዬ። ግን ጠይቡ ቢመሽበትስ? ለእሱም ቤት የእግዚአብሔር ነው?

አንባቢዋ፦
ያየሁትን ልንገርህ። አያቴ ቤት ማረሻ የሚያበጁ ሰውዬ ይመጡ ነበር። «ባለእጅ» ነበር የምንላቸው፤ ከ«ጠይብ» ይሻላል ተብሎ። ጠላ የሚቀዳላቸው በተለየ ጣሳ ነው። ጣሳው ከበሩ ውጭ ተሰቅሎ ይኖራል። አንዱ ጎኑ ተጨርምቷል። እኛ ልጆች ከነካነው እጃችንን እንመታ ነበር። ማረሻው ግን ከቤት ውስጥ፣ ከእህሉ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ይህ ያኔ ለማንም አልታየውም።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞላና መሻገር አቃታቸው። መሽቷል፣ ዶፉ አልቆመም። አያቴ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብላ አስገባቻቸው። ምድጃው አጠገብ መደቡን ለቀቀችላቸው። የራሷን ዝተት አለበሰቻቸው፤ የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ቁርስ አቀረበች። ከዚያ ወጣ ብላ ጣሳውን አምጥታ ጠላ ቀዳችላቸው። ሰውዬው እንደ ሁልጊዜው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ባለ ሱቁ፦
ዝተቱስ? ከዚያ በኋላ ለበሰችው?

አንባቢዋ፦
እስክትሞት ድረስ።

ጠያቂው፦
ሁለት አገር እያልኩ የደከምኩት በከንቱ ነው ማለት ነው። እትዬ፣ ከፈቀዱልኝ ያንን ጣሳ ልወስደው ነው። «ከበሩ ውጭ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ» ብዬ እጀምራለሁ።

አንባቢዋ፦
ውሰደው። ሚስማር ግን አልነበረም። ኩላብ በል፤ የወይራ ኩላብ።