የደቻቱ ጎርፍ ሴንሰሮች፦ ውሳኔው ሰርቨር ላይ ይሁን ወይስ ኖዶቹ ላይ?

ከዚራ 07፦
ከደንገጎ በኩል እስከ ድሬዳዋ ከተማ፣ ደቻቱ ወንዝ ላይ ሦስት ኖድ (የውሃ መለኪያ ጣቢያ) ልንተክል ነው። እያንዳንዱ ኢኤስፒ32 (ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ኤስኤክስ1276 ሎራ (ሩቅ የሚልክ ራዲዮ) እና ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ (ድምፅ ልኮ ከሚመለስበት ጊዜ ርቀት የሚለካ ሴንሰር) አለው፤ ሴንሰሩ ከአሸዋው 4 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ስንሞክረው ደረቅ ወቅት ላይ ሰው፣ ፍየል፣ ባጃጅ ከሥሩ ባለፈ ቁጥር «ውሃ መጣ» ይላል። ቀትር ላይ ደግሞ ማንም ሳያልፍ 12 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያሳያል። ዳታውን ሰርቨር ላይ እንሰብስበው ወይስ ኖዶቹ ላይ ቲኒኤምኤል (ከዳታ ተምሮ የሚወስን ትንሽ ፕሮግራም) እንጫንበት?

ሽቦ ቀጣዩ፦
የቀትሯ 12 ሴንቲ ሜትር ሙቀት ናት። ኮድህ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል ብሎ ያሰላል፤ ይህ የ20 ዲግሪ ሒሳብ ነው። በ38 ዲግሪ 354 ይሆናል፣ 4 ሜትሩም 3.88 ተብሎ ይነበባል። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ጥላ ውስጥ ስቀልና 331.3 + 0.606 × ሙቀት ብለህ አስላ። የርቀት ሴንሰሩ ኤኮ ፒን (ውጤቱን የሚያወጣበት እግር) 5 ቮልት ስለሚያወጣ በ1 ኪሎና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አካፍለው፤ አለዚያ ኢኤስፒውን ያቃጥልብሃል።

ከሥሩ ለሚያልፈው ደግሞ በየ10 ሰከንዱ ለክተህ 7 ንባብ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርና መሃል ላይ ያለውን ቁጥር ውሰድ። አማካይ አይሆንም፤ አንድ ፍየል አማካዩን ያዛባዋል። የቆመ ባጃጅን ግን ይህም አይፈታውም።

ሸዋበር፦
እሱን የሚፈታው ጎረቤት ኖድ ነው። ሰርቨሩን ተወው፤ ያ ዝናብ ሲመጣ መብራትና ኔትወርክ አብረው ይሄዳሉ። ቲኒኤምኤሉም ይቅር፤ በ1998 ድሬዳዋን የመታው ዓይነት ጎርፍ በየዓመቱ አይመጣም፣ ታዲያ ከምን ይማራል?

ላይኛው ኖድ ጋ ውሃው በ5 ደቂቃ 30 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ «ተጠንቀቅ» ይላክ፤ መካከለኛው ተከትሎ ከጨመረ ሳይረኑ ይጩህ። ከተማ ያለውን ሦስተኛውን አትጠብቁ፣ እሱ ሲያይ ውሃው ደርሷል። ከላይኛው በታች የሚገባ ገባር ስላለ፣ መካከለኛው ብቻውን በሦስት ተከታታይ ንባብ 50 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማንንም አይጠይቅ። ላይኛው 10 ደቂቃ ድምፁ ከጠፋም ደህና ነው አትበሉ፤ ጎርፍ ወስዶት ሊሆን ይችላል፣ መካከለኛው ብቻውን ይወስን።

ሽቦ ቀጣዩ፦
በሎራው ኤስኤፍ12 አትጠቀም (ኤስኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ርቀቱ ይጨምራል፣ መላኩ ግን ይዘገያል)። 20 ባይት መልእክት 1.3 ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፣ ሦስቱ አንዴ ሲጮኹ ይጋጫሉ። ኤስኤፍ9 0.2 ሰከንድ አይሞላም፤ ከመላክ በፊት ከ0 እስከ 3 ሰከንድ በዕጣ ይጠብቅ። ርቀቱ ካልደረሰ አንቴናውን ከገደሉ አፋፍ አውጣ። የኖድ ቁጥርና ተራ ቁጥር ጨምርበት፣ መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኖድ ያየውን ደግሞ እንዳይልክ።

ታችኞቹ ሁለቱ ሁሌ መስማት አለባቸው። ኢኤስፒውን በዲፕ ስሊፕ (ጥልቅ እንቅልፍ) አስተኝተህ ራዲዮውን ብቻ ክፍት ተው፤ 11 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል፣ መልእክት ሲደርስ ራዲዮው በዲአይኦ0 ፒኑ ኢኤስፒውን ይቀሰቅሰዋል። ሽቦውን የኢኤስፒው አርቲሲ ፒን (ሲተኛም የሚሠራ እግር) ላይ ካላሰርከው ግን አይነቃም።