የኅዳር ጽዮን ጽዋ ተራ ደርሶኛል፤ ለ40 ሰው ድፎው፣ ጠላውና መስተንግዶው እንዴት ይሁን?

ወለተ ጽዮን (ጠያቂ)
ሰላም እህት ወንድሞች። የኅዳር 21 የማርያም ጽዋ እኛ ቤት ነው፤ ዕለቱ እሑድ ላይ ይውላል። ቤታችን ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ ሰዉ ከነልጆቹ 40 ይሆናል፣ ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ድፎው ስንት ዱቄት ይፈጃል? መሐሉ ሊጥ እንዳይቀርስ? ጠላው መቼ ይጠንሰስ? ጾም ስለሆነ የምጠነቀቀው ነገር ካለም ንገሩኝ።

የድፎ ባለሙያ
5 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል፤ ግን በአንድ ዳቦ አትሞክሪው። ለሁለት ክፈዪው። ለአንዱ 2.5 ኪሎ ዱቄት፣ 1.5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 25 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል። በኅዳር ብርድ ኩፍ ለማለት ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ሊጡን እዪ እንጂ ሰዓት አትዪ።

መሐሉ ሊጥ የሚቀረው እሳቱ ስለሚበዛ ነው፤ ታቹ ቶሎ ያርና የበሰለ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ የሚያሞቀው ከታች ብቻ ነው። ኮባውን አጥበሽ እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከታች ደርበሽ አንጥፊ፣ ከላይም ሸፍኚና አክንባሎውን ድፊ። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ እያጠፋሽ እያበራሽ አብስዪ። 40 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው በሰፌድ ተቀብለሽ ገልብጪው፣ ከዚያ ሌላ 30 ደቂቃ። ቀጭን ቢላ መሐሉን ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ትኩሱን በጨርቅ አትጠቅልዪ፤ ላብ ያወጣና ቅርፊቱ ይላላል።

ሙሴው
ከሁሉ በፊት ካህኑን ያዢ። ኅዳር ጽዮን ትልቅ በዓል ነው፤ ቅዳሴው ይረዝማል፣ ካህናቱም በዚያ ቀን ብዙ ቤት ይጠራሉ። የንስሐ አባትሽ የሚመጡበትን ሰዓት ሳታውቂ ለማኅበርተኛው ሰዓት አትናገሪ። ጸሎት ሳይደረስና ዳቦው ሳይባረክ አይቆረስም፤ ልጆች ከራባቸው ቆሎ ለብቻ ይቅረብላቸው።

ጾሙ የነቢያት ስለሆነ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ሰንበት ስለሆነ ግን እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለባችሁም፤ ከቅዳሴ በኋላ መመገብ ይቻላል። የዳቦውን ፊት በዘይት ቀቢ፣ ማርጋሪን ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ተዪው። የሚረከበው ባለተራ ማን እንደሆነም ከወዲሁ ይጣራ። ሰዉ ጽዋውን ተሰናብቶ ሊወጣ ሲል «ተራው የማን ነው?» መባባል አያምርም።

ጌሾ በብቅል
ጠላ ከፈለግሽ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ለ25 ሊትር ያህል ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ ወደ 4 ኪሎ የገብስ አሻሮ (ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ)። ጌሾውን በውሃ 3 ቀን አቆዪ፣ ብቅሉን ጨምረሽ ሌላ 2 ቀን፣ ከዚያ አሻሮውን በውሃ ለውሰሽ ምጣድ ላይ አብስለሽ (እንኩሮ አድርገሽ) ደፍድፊ። ድፍድፉ 4 ቀን ገደማ ከተኛ በኋላ ውሃ ሞልተሽ አፉን አትሚ፤ በማግስቱ ይጠለላል። አፉ በደንብ ካልታተመ ይኮመጥጣል፣ ጌሾ ሲያንስም ቶሎ ይሆመጥጣል። እንስራውን በወይራ ማጠን ግን 3ኛ ፎቅ ላይ ከጎረቤት ያጣላል፤ ታች የጋራ ማብሰያው ቤት ይሁን።

ሰናይት
እኔ ጠላውን ትተወው ባይ ነኝ። 10 ቀን በርሜል መጠበቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባድ ነው፤ ብርዝ በዕለቱ ይደርሳል፣ 1 ኪሎ ማር በ4 ሊትር ውሃ፣ ልጆችም ይጠጡታል። ለጽዋው ምን እንደሚሞላ ግን የማኅበሩን ልማድ ሙሴውን (የማኅበሩን መሪ) ጠይቂ። ለምግቡ 80 እንጀራ፣ 2 ኪሎ ምስር ክክ፣ 1.5 ኪሎ ሽሮ፣ ጎመንና ፎሶልያ ይበቃል።

ወለተ ጽዮን
እግዚአብሔር ይስጥልን። ቅዳሜ ስጋግር መብራት ቢጠፋስ?

የድፎ ባለሙያ
ምጣድ ላይ ከገባ አክንባሎውን አትክፈቺ፤ ሸክላው ሙቀት ይዞ ይቆያል። ገና ኩፍ እያለ ከሆነ ሊጡን ደፍቀሽ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጪ፣ ጥቂት ሰዓት ይታገሳል። ለማንኛውም የመጀመሪያውን ዳቦ ቅዳሜ ጠዋት ጋግሪ፣ ሁለተኛውን ከሰዓት። ኮባ ካጣሽ ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ዓርብ ከመርካቶ ግዢና እርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ አሳድሪው።