ሞኑመንት ቫሊ ጌም ነው ወይስ ስዕል? እዚሁ እንጨርሰው

የከዚራ ጥላ፦
ትናንት ማታ ቮይስ ቻት ላይ ሞኑመንት ቫሊ ስለሚባለው የስልክ እንቆቅልሽ ስናወራ አንዱ ተነስቶ «ሞኑመንት ቫሊ ስዕል ነው እንጂ ጌም አይደለም፤ ላብ የሌለው እንቆቅልሽ እንቆቅልሽ አይባልም» ሲል ሰዉ ሁሉ «ትክክል! ትክክል!» አለ። እኔ ኔትወርክ ቆረጠብኝና ሳልመልስለት ቀረሁ፣ ሲያንገበግበኝ አደረ። ያለው ሰው እስቲ እዚህ በጽሑፍ ይድገመው። እ.ኤ.አ. በ2014 የለንደኖቹ አስቱ ጌምስ ሲያወጡት የአፕል የዲዛይን ሽልማት አገኘ፣ በዓመቱ የእንግሊዞቹን ሽልማት ባፍታን ጨመረ። ዳኞቹ በሙሉ ዓይናቸው ታውሮ ነበር?

ሳቢያን ቦይ፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌን አላጥፍም። ከድሬ ወደ ሐረር ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጀመርኩት፣ አወዳይ ሳልደርስ አለቀ። 10 ምዕራፍ ነው ያለው። አንዱም ጋ ቆም ብዬ ጭንቅላቴን አላከክሁም። እጀታ አለ፣ ታዞረዋለህ፣ መንገዱ ይገጥማል፣ ልጅቷ ትሄዳለች። አለቀ። ሽልማት ያገኘው ለስዕሉ ነው፣ ስዕሉን ማን ካደው?

ደቻቱ ማዶ፦
አወዳይ ሳትደርስ? ሚኒባሱ ደንገጎ ላይ ግማሽ ቀን ተበላሽቶ ነበር በለኛ 😂 ሲያንስ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል ጌሙ። ደግሞ ወሪያ፣ ላብ ከፈለግክ ሚያዝያ ላይ ቀን በ7 ሰዓት እዚሁ ድሬ ከለገሀር እስከ ታይዋን ገበያ በእግርህ ሂድ። ስትደርስ የጠየቅከውን ሁሉ ተፈቶ ታገኘዋለህ።

ሳቢያን ቦይ፦
ቀልዱን ተወውና መልስ።

ቲቸር ሒሳብ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ጌሙ የቆመበትን ነገር እንይ። ስዕሉ ላይ ሩቅ ያለው ነገር አያንስም፣ የቅርቡም የሩቁም መጠን እኩል ነው። ስለዚህ ዓይን የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ መለያ ያጣል። ሠሪዎቹ ይህን ጉድለት ሕግ አደረጉት፦ ስክሪኑ ላይ ሁለት ጫፎች ተነካክተው ከታዩ በቃ ተነካክተዋል፣ የጌሙ ልጅ አይዳ ትራመድባቸዋለች። ሊኖር የማይችለውን ሦስት ማዕዘን ስዊድናዊው ሮይተርስቫርድ በ1934 ስሎታል፣ በ1958 ፔንሮዞች አባትና ልጅ ጽፈውበታል፣ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር ደግሞ ከነሱ ወስዶ በ1961 ዞሮ ዞሮ ወደ መነሻው የሚወድቀውን ፏፏቴ ሠራበት። ጌሙ ውስጥ ውሃ የሚፈስበት ምዕራፍ የዚያ ፏፏቴ ዝርያ ነው። ሐሳቡ ጥልቅ ነው። ተጫዋቹ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ጥልቅ አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሉብኝ።

ሳቢያን ቦይ፦
ቲቸር ፈረዱልኝ! እግዜር ይስጥልኝ።

ቲቸር ሒሳብ፦
አልፈረድኩልህም። አንተ «ጌም አይደለም» ነው ያልከው።

ሸዋ በር፦
እኔ የሐረር ልጅ ነኝና የድሬ ሰው በመሀል ገባህ እንዳይለኝ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ ጌም እንግዳ አይደለም። መንገዱ የተዘጋ መስሎህ ጥጉን ስትታጠፍ ሌላ አጥር፣ ሌላ ደጃፍ፣ ከዚያ ሳታስበው መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ትወጣለህ። ደስታው ያ ነው። ጁገልን «ላብ ስለሌለው ከተማ አይደለም» የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ደቻቱ ማዶ፦
ይኸው ሐረር ተጀመረ። ፋራንካ ሳይከፈል ጉብኝት 😂

ሳቢያን ቦይ፦
ሸዋ በር፣ በራስህ አፍ ተያዝክ። ጁገል ውስጥ እንግዳ ሰው ይጠፋል። ልጅ መሪ ካልያዘ ሁለት ጊዜ አንዱ ቤት በር ላይ ይመለሳል። ጌሙ ውስጥ ማን ጠፋ? አይዳ መውደቂያ የላትም፣ ሰዓት አይቆጥርባትም፣ ቁራዎቹ እንኳን መንገድ ዘግተው ከመጮህ ሌላ አይነኳትም። የማይጠፉበትን ጁገል አምጣልኝ!

ሸዋ በር፦
አንተ ስትመጣ ትጠፋለህ፣ እኔ አልጠፋም። ታዲያ ለኔ ጁገል ስዕል ሆነ ማለት ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
እናንተ ላብ ላብ ስትሉ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አክስቴ 60 አልፋለች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ ስልኳ ላይ ከመደወል ሌላ የምትነካው ነገር የለም። ልጄ ይሄን ጌም ከፍቶ ሰጣት። እጀታውን በጥፍሯ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ድምፁ ሲያንቃጭል እጇን ሰበሰበች፣ ከዚያ መልሳ ነካች። ግንቡ ዞሮ መንገዱ ሲገጥም «ውይ! እንዴት ሆነ?» ብላ ስልኩን ገልብጣ ጀርባውን አየች። እውነቴን ነው፣ ጀርባውን! ቡናው ገንፍሎ እስኪፈስ አልተነሳችም። ያ ቢጫው ባለ አንድ ዓይን ምሰሶ ከአይዳ ሲለይማ ተቆጣች። ሌላ ምን ጌም ነው አክስቴን እንዲህ ያደረጋት? ካንዲ ክራሽን ሞክራው በሁለተኛው ቀን «ይሄ ነገር ይጮህብኛል» ብላ ተወችው።

ሳቢያን ቦይ፦
እናቴ ይቅርታ፣ ክብርዎ እንዳለ ነው። አክስትዎ ከጨረሱት በኋላ ደግመው ከፍተውት ያውቃሉ?

የሁለት ልጆች እናት፦
አልከፈተችውም። ታዲያ ምን ይሁን?

ሳቢያን ቦይ፦
እኔም ያልኩት እሱን ነው። ስዕል ነው፣ ታየ፣ አለቀ።

የከዚራ ጥላ፦
ስዕል ደግሞ አይታይም ያለህ ማነው አቦ? እሺ ቼዝ ካልሆነ ጌም የለም በለና ገላግለን።

ባጃጅ ተራ፦
እኔ ካንዲ ክራሽን ስለነካችሁ ገባሁ። ተሳፋሪ ስጠብቅ እሱን ነው የምጫወተው። ላብ ያለው እሱ ነው። 5 ነፍስ ይሰጥሃል፣ ስትጨርስ ለአንዷ ነፍስ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ካልሆነ ክፈል ይልሃል። ከ2012 ጀምሮ ሰው እየጠበቀ ነው። ሳቢያን ቦይ የሚፈልገው ላብ ይሄ ከሆነ ይውሰደው።

ሳቢያን ቦይ፦
ያ ብዝበዛ ነው። ላብ ስል ቁጥር የሚገጣጠምባቸውን ጌሞች፣ 2048ን ነው፣ ትሪስን (Threes) ነው። ደንቡ በአንድ ደቂቃ ይገባሃል፣ ዓመት ሙሉ ግን አትጨርሰውም።

3ኛ ዓመት ኮምፒውተር፦
2048ን ከጠራህ አይቀር ታሪኩንም ጥራ። ትሪስን ሁለት ሰዎች ከዓመት በላይ ለፍተውበት በ2014 መጀመሪያ አወጡት፣ ቁጥሮቹ ፊትና ድምፅ ሁሉ አላቸው። በወሩ አንድ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ በቅዳሜና እሁድ 2048ን ሠርቶ በነፃ ለቀቀው፣ ዓለም ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ስለዚህ ቆንጆም ጥልቅም መሆን ይቻላል፤ የተጫወትነው ግን ነፃውን ነው።

አሁን ወደ ሞኑመንት ቫሊ። እኔ የማየው ችግር እንዲህ ነው። አንዱ ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀሱትን ነገሮች ቁጠሯቸው። አንድ እጀታ፣ ምናልባት አንድ የሚጎተት ግንብ። እጀታው አራት አቅጣጫ ቢኖረው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብታዞረው እንኳን ትደርሳለህ። ሠሪዎቹ ሰው ሁሉ እንዲጨርሰው ፈልገው ነው ያቀለሉት፣ እሺ። ግን ቢፈልጉስ ማክበድ ይችሉ ነበር ወይ? ያ ጽዳት፣ ያ ባዶ ሰማይ፣ መሀል ላይ ብቻውን የቆመው ግንብ ነው ውበቱ። እንዲህ የጸዳ ስክሪን ላይ መልሱን የት ትደብቀዋለህ? ሃያ እጀታ ብትጨምርበት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥን ይመስላል፣ ማንም ፎቶ አንስቶ አይለጥፈውም። ማሰብ የሚያስፈልግበትን ቦታ የወሰደው ራሱ ውበቱ ነው።

የከዚራ ጥላ፦
ሳጥኑስ? 8ኛው ምዕራፍ። ሳጥኑን በአንድ በኩል ስትከፍተው አንድ ቦታ ነው፣ በሌላ በኩል ስትከፍተው ሌላ ነው። እሱም ጽዱ ነው፣ መልሱ ግን ውስጥ ተደብቋል። ይኸው ተቻለ!

3ኛ ዓመት ኮምፒውተር፦
አዎ፣ ሳጥኑ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ከ10 ምዕራፍ አንዱ ነው።

ሸዋ በር፦
በ2012 የወጣውን ዘ ሩምን የተጫወተ የለም? እሱም ቆንጆ ነው፣ ግን ሳጥኑን ዙሪያውን በጣትህ ስትዳብስ፣ መሳቢያ ውስጥ መሳቢያ፣ ቁልፉ ራሱ ቅርፁን ሲቀይር። እዚያ ተደብቋል።

ሳቢያን ቦይ፦
እሱ ፍለጋ ነው፣ ማሰብ አይደለም።

ደቻቱ ማዶ፦
😂😂 ይሄ ሰውዬ ምንም አይጥመውም። ሞኑመንት ላብ የለውም፣ ካንዲ ብዝበዛ ነው፣ ዘ ሩም ፍለጋ ነው። ሱዶኩም «ቁጥር ነው» ሊል ነው።

ሳቢያን ቦይ፦
እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚያው በ2014 መጨረሻ 8 ተጨማሪ ምዕራፍ በ2 ዶላር ሲያወጡ ሰው ተናዶ አንድ ኮከብ እየሰጠ አልዘነበባቸውም? ጌሙ ራሱ ወደ 4 ዶላር ነበር። ለአንድ ማታ!

የከዚራ ጥላ፦
አሁን መጣህልኝ። አንተ ስንት ከፈልክበት?

ሳቢያን ቦይ፦
ይሄ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?

የከዚራ ጥላ፦
ስንት?

ሳቢያን ቦይ፦
ኤፒኬ ነው፣ ሳልከፍል ከሰው የወሰድኩት ፋይል። የውጭ ካርድ ለኔ ማን ይሰጠኛል? አንተ ከፍለሃል?

የከዚራ ጥላ፦
ዱባይ ያለች እህቴ ከፍላልኛለች!

ባጃጅ ተራ፦
በእህት ካርድ ጀግና 😂

የሁለት ልጆች እናት፦
በነፃ የወሰደ ሰው «ብሬን በላ» ሲል የመጀመሪያዬ ነው።

ሳቢያን ቦይ፦
ብሬን አላልኩም። ሰዎቹ ስለ ብራቸው ያሉትን ነው የተናገርኩት። አንብቡ እንጂ።

ቲቸር ሒሳብ፦
የተከፈለበት መሆን አለመሆኑ እንቆቅልሹን አያከብደውም፣ አያቀለውምም። ወደ ልጁ ጥያቄ ተመለሱ፣ ማንም አልመለሰለትም። ጽዱ ስክሪን ላይ ከባድ ጥያቄ መደበቅ ይቻላል ወይ? የጂኦሜትሪ ጥያቄ አንድ ክብና ሁለት መስመር ብቻ ይዞ ክፍሉን ሙሉ ያስጨንቃል። እዚያ ላይ የተደበቀ እጀታ የለም።

3ኛ ዓመት ኮምፒውተር፦
ቲቸር፣ ጂኦሜትሪው ላይ ግን መስመሩን የሚጨምረው ተማሪው ነው። እዚህ አይዳን ከመላክና የተሰጠህን ከማዞር ሌላ አማራጭ የለህም።

ቲቸር ሒሳብ፦
እሱን አስብበታለሁ።

ሳቢያን ቦይ፦
ሦስተኛው በ2024 መጨረሻ በኔትፍሊክስ በኩል ወጥቷል አሉ። ያለው ሰው በውስጥ ይላክልኝ።

የከዚራ ጥላ፦
ስዕል ነው ካልክ በኋላ ምን ያደርግልሃል?

አድሚን፦
ሊንክ እዚህ አይለጠፍም። የለጠፈ ይወጣል።

ሸዋ በር፦
ሳቢያን ቦይ፣ እኔ ዘ ሩምን አምጥቼ አስይዝሃለሁ። ያለ ዩቲዩብ ከጨረስክ «ማሰብ አይደለም» ያልከውን እቀበልሃለሁ።

ሳቢያን ቦይ፦
ሐረር ድረስ ልመጣ ነው?

ሸዋ በር፦
የታክሲ አልከፍልም።

ደቻቱ ማዶ፦
እንዳትሄድ፣ ጁገል ውስጥ ትጠፋለህ 😂