አስቸኳይ፦ የቀጠሮ መልእክቱ እናቶችን በማይሆን ሰዓት እየጠራ ነው

የቱሉ ዲምቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለ ክሊኒክ የቀጠሮ መልእክት የሚልክ ሲስተም ጀምሯል። እኔ የዲዛይኑን ሥራ ገና መያዜ ነው። መልእክቱ «8:00 ሰዓት» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት ለማለት ነው። እናቶቹ ግን ልጆቻቸውን አዝለው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ መጡ። የክትባት ክፍሉ ተዘግቷል። አሁንም በር ላይ የቆሙ አሉ። የነገው መልእክት ማታ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል። አለቃዬ «አቆጣጠሩን የሚያስረዳ ፖስተር ሥሪ» አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ኮድ በቡና፦ ቀላል ነው። የሰርቨሩን ታይም ዞን ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሺው። አለቀ።

የገላኑ፦ ሲስተሙ የማን ነው? ኮዱን መንካት ትችያለሽ? ይህን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ?

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ የያዝሽው ሙያ ቁም ነገር ያለው ነው። ሰውና ኮምፒውተር የሚገናኙበትን መንገድ የሚያጠናው ትልቁ ጉባኤ፣ ቺ የሚባለው፣ ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። የሲስተሞችን አጠቃቀም የሚያጠናው ጄኮብ ኒልሰን በ2000 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፈው፣ አምስት ሰው አስቀምጠሽ ሲጠቀሙ ብታዪ አብዛኛው ችግር ይገለጥልሻል። ሲስተሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከእነዚሁ እናቶች አምስቱን ጠርቶ መልእክቱን ማስነበብ ይገባ ነበር። የዲዛይን ሊቁ ዶን ኖርማንም ቢሆን...

የሰበታው፦ ጋሼ፣ የቀረውን ማታ ይንገሩን፤ ልጅቷ ጊዜ የላትም 😄

የአያቷ፦ ፖስተሩን ተዪው። እናቶቹ ምን አጠፉ? እዚህ አገር ጠዋት 2 ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሲስተሙ ይማር እንጂ አራስ ሴት ፖስተር ሥር ቆማ ስድስት አትቀንስም። ለአለቃሽ ይህንኑ ንገሪው። ሥራሽም ይኸው ነው።

ኮድ በቡና፦ ታይም ዞኑን ቀይሪው አልኩ እኮ።

የሰሚቷ፦ እንዳትነኪው! ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ ድንገተኛ ታካሚ በትናንት ቀን ይመዘገባል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ሰዓት እንዳለ ይቀመጥ። ለሰው ሲታይ ብቻ ስድስት ይቀነስ። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ይደመር፤ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነስ። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው ቃል አይቅር። ለቀኑ ኢንትል (Intl) የሚባለው፣ ጃቫስክሪፕት ቀንን በየአገሩ አጻጻፍ የሚያሳይበት መሣሪያ፣ የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜው ያውቃል። ሰዓቱን ግን አይቀይርልሽም።

የቱሉ ዲምቷ፦ ኮዱ በእጄ አይደለም። ቴምፕሌቱን፣ ማለትም የመልእክቱን ጽሑፍ ብቻ ነው መቀየር የምችለው።

ሲስተር፦ ነርስ ነኝ። ክትባቱ ጠዋት ብቻ ከሆነ ሰዓቱን በራሱ የሚሞላውን ቦታ አጥፊና በእጅሽ ጻፊው፦ «የልጅዎ ክትባት ነገ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ነው። ካርዱን ይያዙ።» ለዛሬ ማታ ይበቃሻል። አሳጥሪውም፤ በአማርኛ ክፍተቱም ተቆጥሮ ከ70 ፊደል ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል።

የቱሉ ዲምቷ፦ እሺ ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ! አሁኑኑ እገባበታለሁ። ዛሬ መጥተው የተመለሱትንስ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ መልእክት አትላኪላቸው፤ ይደወልላቸው። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የባል ወይም የጎረቤት ነው። መልእክቱ ሲደርስ እሷ አጠገቡ ላትኖር ትችላለች። በር ላይ ያሉትን ደግሞ ሳይሄዱ ስማቸውን መዝግቢና ነገ ቀድመው ይግቡ።