ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ የጤና ኢንሹራንስ ጉዳይ ስለቸገረኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለሰባት ዓመት የሠራሁበትን ሆቴል ባለፈው ወር በገዛ ፈቃዴ ለቅቄ፣ በወሩ መጨረሻ የእኔና የባለቤቴ ኢንሹራንስ ተቋረጠ። እሷ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ፍሪጅ ውስጥ የቀራት ሁለት የኢንሱሊን ፔን ብቻ ነው።

በፖስታ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ ኮብራ በሚባለው ሕግ፣ የእባብ ስም የያዘው በከንቱ አይመስለኝም፣ የነበረኝን ሽፋን እስከ 18 ወር ማቆየት እንደምችልና ለመወሰንም 60 ቀን እንዳለኝ ይገልጻል፤ ሆኖም አሠሪዬ ይሸፍንልኝ የነበረውን ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን ክፍያ፣ በላዩም 2 በመቶ የአስተዳደር ወጪ፣ እኔው መክፈል ይኖርብኛል። ሂሳቡ ከቤት ኪራያችን ብዙም አያንስም።

የግዛታችን የኢንሹራንስ መሸመቻ በሆነው በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩልም ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ፕላን መግዛት፣ ገቢያችን ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ሜዲኬይድ ለሚባለው የመንግሥት ሽፋን ማመልከት እንደሚቻል ተረድቻለሁ። የተቸገርኩት ማመልከቻው ላይ ነው፦ ገቢ ሲጠየቅ እስከለቀቅኩበት ቀን የተከፈለኝን ደመወዝ ልደምር፣ ወይስ አሁን ባለቤቴ ብቻዋን የምታገኘውን ልጻፍ? ደግሞስ አዲሱ ፕላን የሚጀምረው ከመረጥኩበት ቀጥሎ ባለው ወር መባቻ ስለሆነ፣ መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ ኮብራን ለአንድ ወር ብቻ ከፍዬ፣ 60 ቀኑ ሳይሞላ ብተወው አዲስ ፕላን የመግዛቱ በር ይዘጋብኛል?

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ሙያችሁ የሆነ ወገኖቼ ብትመልሱልኝ ውለታችሁ አለብኝ። ከ60ዎቹ ቀኖች 22ቱ አልፈዋል።