«ሾው ጁ ዳይ ቱ» የሚለው የቻይንኛ አባባል ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቻይንኛ እየተማርሁ ነው። መዝገበ ቃላቴ ከዚህ ባለ አራት ፊደል አባባል ሁለተኛውን ተክል መቁጠሪያ ነው ስለሚል፣ ተክሉን ከጥንቸል የሚጠብቅ ትጉ ገበሬ ምስጋና አድርጌ ተረጎምሁት። መምህሬ ግን ነቀፌታ ነው አሉኝ። የተሳሳትሁት የት ላይ ነው? ፊደሎቹስ ከምን መጡ?

መልስ 1፦
«ጁ» ላይ ነው። ዛሬ ተክል ቢቆጠርበትም፣ በአባባሉ ውስጥ ግን የዛፍ ጉቶ ማለት ነው። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ233 የሞተው ፈላስፋ ሃን ፌ ባስተማረበት መጽሐፍ፣ «አምስቱ ተባዮች» በተባለው ምዕራፍ ይገኛል። በሶንግ አገር አንዲት ጥንቸል ስትሮጥ መጥታ ከማሳው መካከል ካለ ጉቶ ጋር ተላትማ፣ አንገቷ ተሰብሮ ሞተች፤ ገበሬውም የእርሻ መሣሪያውን ጥሎ፣ ሌላ ትመጣልኛለች እያለ ጉቶው ሥር ተቀመጠ። ሌላ ጥንቸል አልመጣችም፤ እርሱም የአገሩ መሳቂያ ሆነ።

መልስ 2፦
ስለ ፊደሎቹ ልጨምር። «ሾው» ከላይ ጣሪያ፣ ከሥሩ እጅን የሚያመለክት ምልክት አለው፤ ትርጉሙ ዘብ መቆም ነው። «ጁ» በግራው ዛፍ ነው፤ በቀኙ ያለው ለብቻው ሲጻፍ ደማቅ ቀይ ማለት ቢሆንም እዚህ የሚሰጠው ድምፅ ብቻ ነው። «ዳይ» በግራው የእርምጃ ምልክት ይዞ መጠባበቅን ይናገራል። የእኛ «ጠበቀ» ዘብ መቆምንም መጠባበቅንም ስለሚይዝ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ፊደል በአማርኛ በቀላሉ ይምታታሉ። «ቱ» ከጥንቸል ሥዕል የመጣ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ ከረሱ ግን «ነጻ ማድረግ» የሚል ሌላ ፊደል ይወጣዎታል።

መልስ 3፦
ታዲያ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ቢባል አይስማማም?

መልስ 1፦
እኔስ አይመስለኝም። የሰማይዋን ላም ማንም አላለባትም፤ ገበሬው ግን አንዲት ጥንቸል በእርግጥ አግኝቷል፣ ያሳሳተውም ይኸው ማግኘቱ ነው። ዛሬ ሳይሠራ ዕድል የሚጠባበቅ ሰው ይነቀፍበታል እንጂ፣ ሃን ፌ የተሳለቀው የጥንት ነገሥታትን ሥርዓት አንድ ጊዜ ስለሠራ ብቻ በዘመኑ ሕዝብ ላይ ሊመልሱ በሚሹ ሰዎች ነበር።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጉቶ ሥር ተቀምጦ ጥንቸል መጠባበቅ» ብዬ አርሜዋለሁ። ደብተሬን ሳየው ነጥቧንም ረስቻት ኖሯል።